ዘለላውን ከነባዶው፦ የከዋክብት ዘለላዎችን በባይኖኩላር ስለማየት የተደረገ ንግግር

ቴሌስኮፕ በእጄ የገባ የመጀመሪያው ምሽት ላይ ቅር ብሎኝ ነው የተኛሁት። ሰባቱ ከዋክብት ስለሚባሉት የኮከቦች ዘለላ (ሰማይ ላይ ተጠጋግተው ስለተሰበሰቡ ኮከቦች) ብዙ ሰምቻለሁ፣ ፎቷቸውንም አይቻለሁ። ቱቦውን በብዙ ትግል ወደዚያ አዞርኩና ዓይኔን ደቀንኩ። አምስት ኮከብ። ደማቅ ናቸው፣ ጥርት ያሉ ናቸው፤ ግን አምስት ብቻ፣ በአንድ ጥቁር ክብ ውስጥ እዚህና እዚያ። ወደ ግራ ገፋ ባደርገው ሌላ ሦስት መጣ፤ የፊተኞቹ ሄዱ። ወደ ቀኝ ብመልሰው ሁለት። ዘለላው የታለ? ግማሽ ሰዓት እንዲህ ስገፋና ስስብ ያየኝ ጓደኛዬ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን አሮጌ ባይኖኩላር፣ ያን በሁለት ዓይን የሚያዩበትን ማጉያ፣ አወለቀና «እስኪ በዚህ» አለኝ።

ያ ጊዜ እስካሁን ትዝ ይለኛል። ክሩ ተበጥሶ ጥቁር ጨርቅ ላይ እንደተዘረገፈ ዶቃ፣ ሁሉም በአንድ ላይ፣ ዙሪያውን ጨለማ ከቧቸው። ወዲያው ያሰብኩት ቴሌስኮፑ ተበላሽቷል ብዬ ነው። አልተበላሸም። ሥራውን ነው የሠራው፤ አጉልቷል። ችግሩ ዘለላ የሚባለው ነገር በማጉላት የሚገኝ አለመሆኑ ነው።

ዛሬ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ከዚህ ይጀምራል። አንድ ቦታ የተሰበሰበ ሕዝብ «ተሰብስቧል» የሚባለው ዙሪያው ጭር ያለ እንደሆነ ነው። መሐል ገብታችሁ አንዱን ፊት ብቻ ብታዩ ስብሰባ መሆኑን ማን ይነግራችኋል? ኮከብም እንዲሁ ነው፤ ዘለላውን ለማየት ከነባዶው ማየት ያስፈልጋል። በቁጥር ላስቀምጠው። ሙሉ ጨረቃ ሰማይ ላይ የምትይዘው ስፋት ግማሽ ዲግሪ ነው። ሰባቱ ከዋክብት ወደ 2 ዲግሪ ይሰፋሉ፤ አራት ጨረቃ ጎን ለጎን እንደማለት። 100 ጊዜ የሚያጎላ ቴሌስኮፕ በአንድ እይታ የሚያሳያችሁ ግማሽ ዲግሪ ገደማ ነው። 10 ጊዜ የሚያጎላው የተለመደው ባይኖኩላር (10x50 የሚባለው) ግን 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይከፍትላችኋል። ዘለላውም ይገባል፣ ባዶውም ይገባል።

ከእኔ በፊት ጣሊያናዊው የሰማይ ተመራማሪ ጋሊሌዮም በዚሁ መከራ አልፏል። የእሱ ቴሌስኮፕ በአንድ ጊዜ የሚያሳየው የጨረቃን ስፋት ግማሽ ብቻ ነበር። ያም ሆኖ የሰባቱን ከዋክብት 36 ኮከቦች ነቁጥ በነቁጥ ለቅሞ ሥዕሉን እ.ኤ.አ. በ1610 አሳተመው። እኔ በግማሽ ሰዓት የተሰላቸሁበትን ሥራ እሱ ጨርሶታል፤ ልዩነታችን እዚያ ላይ ነው።

የባዶውን ቦታ ቁም ነገር በሒሳብ ያሳየው ደግሞ ጆን ሚቸል የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ ነው፤ ዘመኑ 1767። ጥያቄው ቀላል ነበር፦ ደማቅ ኮከቦች በሰማይ ላይ እንዲያው በዘፈቀደ ተበትነው ቢሆን፣ የሰባቱ ከዋክብት ስድስት ደማቆች እንዲህ ተጠጋግተው የመገኘታቸው ዕድል ምን ያህል ነው? ያገኘው መልስ ከ500,000 አንድ ገደማ ነው። እንግዲያው በአጋጣሚ አይደለም፤ እነዚህ ኮከቦች በእርግጥም አብረው ያሉ፣ እርስ በርስ የሚሳሳቡ ናቸው አለ። ቴሌስኮፕ አላስፈለገውም፤ ግርግሩን ከዙሪያው ጭርታ ጋር አነጻጸረ፣ በቃ። ይኸው ሰው በ1783 ደግሞ ብርሃን እንኳ የማያመልጣቸው ከዋክብት ሊኖሩ ይችላሉ ብሎ ጽፏል። እኛ ጥቁር ጉድጓድ ወደምንለው ሐሳብ ቀድሞ የደረሰ ሰው ነው፤ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ስለ መሣሪያው ብዙ አልቆይም፤ ስለ ዕቃ ማውራት ሰማዩን ያስረሳል። ባይኖኩላሩ ላይ ከተጻፉት ሁለት ቁጥሮች የመጀመሪያው ስንት ጊዜ እንደሚያጎላ፣ ሁለተኛው የፊት ሌንሱ ስንት ሚሊሜትር እንደሚሰፋ ይነግራችኋል። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው ብታካፍሉት ወደ ዓይናችሁ የሚገባው የብርሃን ክብ ስፋት ይወጣል። 7x50 ሰባት ሚሊሜትር ያህል፣ 10x50 አምስት ሚሊሜትር። የወጣት ዓይን ብሌን በጨለማ እስከ 7 ሚሊሜትር ይከፈታል፤ ዕድሜ ሲገፋ ግን ይጠባል። ስለዚህ እንደ እኔ ፀጉሩ የሸበተ ሰው 10x50 ቢይዝ ይሻለዋል፤ የ7x50ው ትርፍ ብርሃን ብሌኑ ጠርዝ ላይ ፈስሶ ይቀራል። ማጉላቱን የሚቀያይረውን ባለ ዙም ዓይነት ተዉት፤ እይታው ጠባብና ደብዛዛ ነው። ቀይ የሚያብረቀርቅ ሌንስ ያለውንም እንዲሁ። ከ10 ጊዜ በላይ የሚያጎላ ከሆነ ደግሞ ማቆሚያ ሳይኖራችሁ አትያዙት።

አንድ ነገር ግን ከራሴ ልጨምር። ከጓደኛዬ አሮጌ ባይኖኩላር በኋላ እኔም ያገለገለ አንድ ገዛሁ። በመጀመሪያው ምሽት ሰማዩ በመንታ ኮከብ ተሞልቶ አገኘሁት! ይቺም መንታ፣ ያቺም መንታ፣ ሁሉም ጥንዶች ጎን ለጎን፣ በእኩል ርቀት። ማስታወሻ ደብተር አውጥቼ መመዝገብ ሁሉ ጀምሬ ነበር። (ሳቅ) በኋላ ስረዳ ዕቃው አንድ ቀን ወድቆ፣ ሁለቱ ቱቦዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ማየት አቁመዋል። እናንተ ስትገዙ በቀን ሩቅ ያለ ምሰሶ እዩበት። ምሰሶው ሁለት ከሆነ ወይም ግንባራችሁን ራስ ምታት ከያዘው መልሱት።

ማስተካከሉንም ብዙ ሰው ይዘለዋል። የሁለት ሰው ዓይን አንድ አይደለም፤ የአንድ ሰው ሁለት ዓይኖችም አንድ አይደሉም። የቀኙን የፊት ሌንስ በእጃችሁ ከልላችሁ በግራ ዓይናችሁ አንድ ኮከብ እዩ፤ የመሐሉን መዘውር ኮከቡ እንደ መርፌ ጫፍ እስኪሆን አዙሩት። ከዚያ ግራውን ከልላችሁ፣ መዘውሩን ሳትነኩ፣ የቀኙ የዓይን ሌንስ ላይ ያለውን ቀለበት ብቻ አዙሩ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ይህን ሳያደርግ «ባይኖኩላር አይስማማኝም» የሚል ሰው ስንት እንዳጋጠመኝ!

ከዚያ ዓይናችሁን ጨለማ አስለምዱት። ብሌኑ ወዲያው ይከፈታል፤ ከዓይን በስተኋላ ያሉት ደካማ ብርሃን የሚይዙ ሕዋሳት ግን ሙሉ አቅማቸው ላይ ለመድረስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋሉ። አንዴ ስልክ ከፈታችሁ ማለት ከዜሮ መጀመር ነው። ብርሃን የግድ ካስፈለገ ቀይና ደብዘዝ ያለ ይሁን። እነዚህ ሕዋሳት ደግሞ በዓይን መሐል የሉም፤ ዳር ዳር ነው ያሉት። ስለዚህ የደበዘዘን ነገር ለማየት በቀጥታ አትፍጠጡበት፣ ዓይናችሁን ከእሱ ጥቂት ፈቀቅ አድርጋችሁ ጎኑን እዩ። መጀመሪያ ላይ ያስቃል፤ «አለ፣ ጠፋ፣ አለ» እያላችሁ ትጫወታላችሁ። ሰባቱ ከዋክብት በዚህ ወቅት አናት ላይ ስለሚሆኑ ቆማችሁ ብታዩ አንገታችሁ ያልቃል። መሬት ላይ በጀርባችሁ ተኙ፤ ክርናችሁን ከጎናችሁ ጋር አጣብቁ። ያን ጊዜም ኮከቦቹ ትንሽ ይርገበገባሉ፤ የልብ ምታችሁ ነው፣ ምንም ማድረግ አይቻልም። አንድ ነገር ብቻ ያለ ቀልድ ልበል፦ ባይኖኩላርን ወደ ፀሐይ ማዞር ዓይን ያጠፋል። ልጆች ባሉበት ቤት ይህ ይታሰብበት።

አሁን ወደ ሰባቱ ከዋክብት እንመለስ። በባዶ ዓይን ስድስት ይታያሉ፤ ዓይነ ብሩህ የሆነ ከዚያም በላይ ይቆጥራል። በባይኖኩላር በአሥሮች የሚቆጠሩ ይወጣሉ። በጠቅላላው ዘለላው ውስጥ ከ1,000 በላይ ኮከቦች አሉ፤ ርቀታቸው ወደ 440 የብርሃን ዓመት ነው (አንድ የብርሃን ዓመት ማለት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው)። ደማቋ አልሲዮኒ ትባላለች። ከእሷ ወደ ደቡብ የሚወርድ፣ የደበዘዙ ኮከቦች የተሰካኩበት አጭር ሰንሰለት አለ። እኔ እሱን ሳልፈልግ አልፌ አላውቅም፤ ሌሊቱ ምን ያህል ጥሩ እንደሆነ የሚነግረኝ እሱ ነው። ሰንሰለቱ ጥርት ብሎ ከታየ ሌላውም ይታያል፤ ከጠፋ ጨረቃ ወይም ጭጋግ እያታለለኝ ነው።

ሰዎች በዘለላው ዙሪያ ጉም የመሰለ ነገር አየን ይላሉ። እውነት አለ፤ ኮከቦቹ አሁን የሚያልፉበት የአቧራ ደመና ብርሃናቸውን ያንጸባርቃል። ነገር ግን ከሚታየው ጉም ብዙው ሌንሱ ላይ ያረፈ ጤዛ ነው! መለያው ይኸውላችሁ፦ ባይኖኩላሩን አልደባራን ወደሚባለው ደማቅ ኮከብ አዙሩት። እሱም ጉም ከለበሰ ሌንሳችሁን ጥረጉ።

አልደባራንን ካነሳን አጠገቡ ያለውን ትልቁን ዘለላ እንይ። ሰውር የተባለው፣ በበሬ የተመሰለው የኮከቦች ምድብ ግንባሩ ላይ እንደ ሹል ማዕዘን የተደረደሩ ኮከቦች አሉት፤ ስማቸው ሂያዲስ ነው። ርቀታቸው 150 የብርሃን ዓመት ገደማ ስለሆነ ከሁሉም ለእኛ ቅርብ የሆነ እውነተኛ ዘለላ ነው፤ ስፋቱ 5 ዲግሪ፣ ባይኖኩላሩን ሊሞላው ምንም አይቀረው። በቴሌስኮፕ ይህን ዘለላ ማየት ማለት ዝሆንን በቁልፍ ቀዳዳ ማየት ነው። አልደባራን ራሱ ግን ከመሐላቸው ቢመስልም የእነሱ ወገን አይደለም፤ 65 የብርሃን ዓመት ላይ፣ በመንገድ መሐል የቆመ አላፊ አግዳሚ ነው። በ1908 አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ባለሙያ ሉዊስ ቦስ የሂያዲስን ኮከቦች እንቅስቃሴ ለክቶ ሁሉም ወደ አንድ ነጥብ የሚጓዙ እንደሚመስሉ አሳየ፤ አብረው የሚሄዱ ናቸውና። አልደባራን መንገዱ ሌላ ነው።

እዚህ ላይ የምወደውን ሙከራ ላሳያችሁ። መጀመሪያ ሰባቱ ከዋክብትን እዩ፣ ከዚያ ሂያዲስን፣ ከዚያ ተመለሱ። ቀለሙን ብቻ አስተውሉ። ሰባቱ ከዋክብት ሁሉም በረዶ የመሰለ፣ ወደ ሰማያዊ ያዘነበለ ነጭ ናቸው። ሂያዲስ ውስጥ ግን አራት ብርቱካንማዎች አሉ። ቀለሙ ካልተለያችሁ መዘውሩን ትንሽ አዛቡት፤ ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ ትንሽ ክብ ሲሆን ቀለሙ ይፈካል። በተለይ ከማዕዘኑ አንደኛው ክንድ ላይ አንድ ጠባብ ጥንድ አለ፤ አንዱ ነጭ፣ ሌላው ብርቱካንማ። ይህኛው መንታ ከእኔ ዕቃ የመጣ አይደለም። (ሳቅ)

ልዩነቱ የዕድሜ ነው። የአንድ ዘለላ ኮከቦች ከአንድ ደመና፣ በአንድ ዘመን የተወለዱ ናቸው። ክብደታቸው የበዛው ኮከቦች ሰማያዊ ናቸው፤ ነዳጃቸውን በችኮላ ይጨርሱና አብጠው ቀላ ይላሉ። ሰባቱ ከዋክብት 100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ናቸው፣ ሰማያዊዎቻቸው ገና አሉ። የሂያዲስ ዕድሜ ግን ከ600 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው፣ ክብደታቸው የበዛው አልቀው ተከታዮቹ እያበጡ ነው። የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች የዘለላ ዕድሜ የሚያወጡት በዚሁ መንገድ፣ በተሻለ መሣሪያ ነው። እናንተ መሬት ላይ ተኝታችሁ፣ አንገታችሁን በትንሹ ብቻ አንቀሳቅሳችሁ፣ የ500 ሚሊዮን ዓመት ልዩነትን በዓይናችሁ አነበባችሁ።

ሌሎቹን በፍጥነት ልለፋቸው። ከሌሊቱ ሰማይ ደማቅ ኮከብ ከሲሪየስ ወደ ደቡብ 4 ዲግሪ ዝቅ ስትሉ፣ ከእሱ ጋር በአንድ እይታ፣ ሜሲዬ 41 የሚባል ዘለላ አለ። ጀውዛ በተባለው የኮከቦች ምድብ እግር ሥር ሜሲዬ 35። ኦሪጋ በተባለው ምድብ ውስጥ ሦስት አንድ ላይ፤ 36፣ 37 እና 38። ቁጥሮቹ የፈረንሳዊው የሻርል ሜሲዬ ናቸው። የሚፈልገው ጭራ ያላቸውን ኮከቦች ነበር፤ እነሱን የሚመስሉ ጉሞች እያሳሳቱት ስላስቸገሩት እንዳይደገም መዘገባቸው። ዛሬ እሱን የምናስታውሰው በፈለገው ነገር ሳይሆን ባስቸገረው ነገር ነው። በ1774 የታተመው የመጀመሪያው መዝገብ 45 ሲሆን የመጨረሻዋ ቁጥር ሰባቱ ከዋክብት ናቸው፤ እነሱን ከጭራ ኮከብ ጋር የሚያምታታ ማን እንደሆነ እንጃ።

በሰሜን በኩል፣ ካሲዮፒያና ፐርሲየስ በተባሉት የኮከቦች ምድቦች መካከል፣ ሜሲዬ ያልመዘገበው አለ፦ ጥንድ ዘለላ። ሁለት ክምር፣ እያንዳንዱ የጨረቃ ስፋት፣ ጎን ለጎን። ከ7,000 የብርሃን ዓመት በላይ ይርቃል፣ ዕድሜው ግን 14 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ገና ጨቅላ ነው። በቴሌስኮፕ አንዱን ካያችሁ አንዱን ታጣላችሁ፤ ጥንድነቱን የሚሰጣችሁ ባይኖኩላር ነው።

እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ሸርጣን የተባለው የኮከቦች ምድብ ከምሥራቅ ከፍ ይላል። ሸርጣን ደማቅ ኮከብ የለውም፤ መሐሉ ላይ ግን በባዶ ዓይን ደብዛዛ ጉም የመሰለ ነገር ይታያል፣ ጨለማው ጥሩ ከሆነ። ጋሊሌዮ ሲያየው ከ40 በላይ ትንንሽ ኮከቦች ሆነው ተበተኑለት። ሜሲዬ 44 ነው፣ በባይኖኩላር ንብ የሠፈረበት ይመስላል። ከእሱ ወደ ደቡብ አንድ ቡጢ ሳይሞላ (እጃችሁን ዘርግታችሁ ያያችሁት ቡጢ 10 ዲግሪ ነው) ሜሲዬ 67 አለ። ደብዛዛ ነው፤ ብዙ ሰው አይቶት «ይሄ ነው እንዴ?» ይላል። ይሄ ነው። ግን 4 ቢሊዮን ዓመት ሆኖታል፣ ከፀሐይ ዕድሜ ብዙም አይርቅም። ዘለላ እንዲህ ረጅም ዘመን አይኖርም። በመንገዱ የሚያልፋቸው ደመናዎችና የጋላክሲያችን (ፀሐይም ያለችበት የግዙፉ የኮከቦች ስብስብ) ስበት እየጎተቱ ይበትኑታል። ጋያ የተባለችው የአውሮፓ መንኮራኩር ሂያዲስ ራሱ እየተበተነ መሆኑን አሳይታናለች፤ ከውስጡ የወጡ ኮከቦች ከፊቱና ከኋላው እንደ ጅራት ተዘርግተዋል። ፀሐይም ምናልባት በአንድ ዘለላ ውስጥ ተወልዳ፣ ወንድሞቿ እንዲህ ተበትነው የቀሩ ሳይሆን አይቀርም። 67ን ሳይ ሁልጊዜ ይህ ይመጣብኛል።

እስካሁን ያልኳችሁ ሁሉ ልቅ ዘለላዎች ናቸው። ሌላ ዓይነት አለ፤ ሉላዊ ዘለላ፣ መቶ ሺሕዎች ኮከቦች በኳስ ቅርጽ የታጨቁበት። እውነቱን ልናገር፤ እዚህ ባይኖኩላር ይሸነፋል። ኮከቦቹን አይለያያቸውም፣ ክብ ጉም ነው የምታዩት። ግን ኦሜጋ ሴንታውሪን በዚህ ምክንያት አትለፉት። ከምድር ወገብ ብዙ የማይርቅ ሰው በመጋቢትና በሚያዝያ ሌሊቶች በደቡብ በኩል ያገኘዋል። በ1603 ጀርመናዊው የሰማይ ካርታ ሠሪ ዮሐን ባየር ኮከብ መስሎት የፊደል ስም ሰጠው፤ በ1677 እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ባለሙያ ኤድመንድ ሃሌይ ከሴይንት ሄሌና ደሴት ሆኖ ሲያየው ኮከብ አለመሆኑን አስተዋለ። 17,000 የብርሃን ዓመት ላይ፣ 10 ሚሊዮን ኮከብ ገደማ፣ በባይኖኩላር የጨረቃን ያህል ሊሰፋ የሚቃረብ የብርሃን ድቡልቡል።

ሉላዊ ዘለላዎቹ ካሉበት ቦታ ተነስቶ ትልቅ ነገር ያወቀ ሰውም አለ። አሜሪካዊው የሥነ ፈለክ ባለሙያ ሃርሎ ሻፕሊ ርቀታቸውን ለክቶ ሲያስቀምጣቸው አብዛኞቹ በአንድ ወገን፣ ቀውስ (ቀስተኛው) በተባለው የኮከቦች ምድብ አቅጣጫ እንደሚበዙ አየ። ፀሐይ የፍኖተ ሐሊብ፣ ማለትም የጋላክሲያችን፣ መሐል ብትሆን ኖሮ በዙሪያዋ እኩል በከበቧት ነበር። በ1918 ከመሐሉ በጣም ርቀን ዳር ላይ እንዳለን አወጀ። ርቀቱን አጋንኖታል፤ ዛሬ የምናውቀው 26,000 የብርሃን ዓመት ያህል ነው። ነገሩ ግን ትክክል ነበር። በሰኔና በሐምሌ ሌሊቶች ወደ ቀውስ ስታዩ በአንድ እይታ ሁለት ሦስት ጉም የምታገኙት፣ በተቃራኒው በኩል ግን ፈልጋችሁ የምትደክሙት ለዚህ ነው።

አንድ ጥያቄ ቀድሞ በወረቀት ደርሶኛል፦ «ታዲያ ቴሌስኮፔን ልሽጠው?» አይሽጡት። ሉላዊ ዘለላዎቹ የእሱ ናቸው። እስከዚያ ግን ባይኖኩላሩን በር አጠገብ ይስቀሉት፤ ቴሌስኮፕ ለመትከል ግማሽ ሰዓት የሌለዎት ምሽት ይበዛል።

አሁን መብራቱን እናጥፋና እንውጣ። ጨረቃ የለችም። ስልካችሁን ኪስ ክተቱ። መሣሪያ የያዛችሁም ያልያዛችሁም፣ ባይኖኩላሩን ከማንሳታችሁ በፊት ሰባቱን ከዋክብት በባዶ ዓይን ቁጠሩና ቁጥሩን ለራሳችሁ ያዙ። ከዚያ አንሱት፣ ከአልሲዮኒ ወደ ደቡብ የምትወርደውን ሰንሰለት ፈልጉ። መጀመሪያ ያገኘ ይጩህ፤ እኔ በጀርባዬ ተኝቼ እጠብቃለሁ።